እርሳሱን ማን ተወው?

አንድ የአክሰስ ፋይል በአንድ ጊዜ 255 ሰው ከፍቶ ሊሠራበት ይችላል ይላል ማይክሮሶፍት። እኛ አራት ነን፤ አልቻልንም።

ቢሮው ግራና ነው፤ ሀብሩ ወረዳ፣ የመርሳ ጎረቤት። ሽንኩርት እናመርታለን፣ ማሽላ እንዘራለን፣ በውሃ እንጣላለን። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ገና ደመወዝ እቀበልበታለሁ። ሥራው በወረቀት ሲያዩት ቀላል ነው። የመስኖ ተጠቃሚውን ገበሬ መመዝገብ፤ ማሳው የት እንደሆነ፣ ስንት ጥማድ እንደሆነ፣ የውሃ መዋጮ ከፍሎ እንደሆነ፣ ማዳበሪያና የሽንኩርት ዘር በዱቤ ወስዶ እንደሆነ መያዝ ነው። ገንዘብ ያዣችን መዋጮ ትቀበላለች። የንብረት ክፍሉ ሀጂ ማዳበሪያ ያወጣሉ። የመስክ ባለሙያው ማሳ ይለካል። እኔ መዝገብ ቤት ነኝ፤ ስም አቃናለሁ፣ የሞተውን በወራሹ እተካለሁ። አራታችንም ቀኑን ሙሉ የምንነካካው ያንኑ አንድ ገበሬ ነው። ጣጣውም ከዚህ ይጀምራል።

ድሮ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ነበረን። መዝገብ አንድ ደግ ጠባይ አለው፤ ሁለት ሰው ባንዴ ልጻፍበት ሲል ክርን ከክርን ይጋጫል። ማን እንደያዘው ይታያል፣ የት እንደተቀመጠ ይታወቃል፣ የጻፈው ሰው እጅ ጽሕፈት ራሱ ይመሰክርበታል። ቀጥሎ ኤክሴል መጣ። ኤክሴል በፍላሽ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞራል፤ ፍላሹም ሲመለስ ባዶውን አይመለስም፣ ቫይረስ ይዞ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት አድርጎት ይመጣል። ፋይሉ ደግሞ ይራባል። የእኔ «ከጥምቀት በፊት» ይባላል፤ የሀጂ «ከአረፋ በኋላ»፤ የገንዘብ ያዧ «ፍልሰታ የተስተካከለ»። ኦዲተሩ መጥቶ «ትክክለኛው የትኛው ነው?» ሲለን ሁላችንም እንደየእምነታችን መለስንለት።

ከዚያ ልጁ መጣ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምሮ የጨረሰ፣ ሥራ እስኪያገኝ የሰፈሩን ሞባይል ሁሉ የሚጠግን ልጅ ነው። ችግራችንን ሰማና «አብሽሩ» አለ። ወሎ ውስጥ አብሽር የማይታዘዝለት ሕመም የለም፤ አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዝርያ እንኳ በዚሁ ስም ይጠራል። ወልድያ ሄዶ ባለስምንት ቀዳዳ ስዊች ገዛ፣ ኬብል በጥቅል አመጣ፣ ግድግዳ በሳ። የኬብሉን ስምንት ቀጫጭን ሽቦ «ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ» እያለ በቃሉ ደርድሮ ጫፉ ላይ ጠፈነገው። አንደኛው ኮምፒውተራችን ገና ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ነበር። ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉት ዊንዶውስ 10 ደግሞ ኤክስፒ የሚያውቀውን የጥንቱን የፋይል መጋሪያ ዘዴ ዘግተውታል፤ አሮጌው ቢጣራ አዲሶቹ አይሰሙም። ለእሱ ዊንዶውስ 7 ተጫነለትና ተሰሚነት አገኘ።

አዲስ አበባ አንድ ዘመድ አለኝ፤ ይህን ባወራሁት ቁጥር «ለምን ኢንተርኔት ላይ አታደርጉትም?» ይለኛል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ውስጥ ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር ረስቶታል። ያን ጊዜ እሱ ራሱ ስልክ ደውሎ «ምነው ቴሌግራም ላይ ጠፋህ?» ብሎኛል። ኬብል ግን ከገንዘብ ያዧ ጠረጴዛ እስከ እኔ ጠረጴዛ ማንንም ሳያስፈቅድ ይሠራል።

ስለዚህ አክሰስ የሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ሆነ። አክሰስ የወጣው በኅዳር ወር 1992 እ.ኤ.አ. ነው፤ እንደእኛ አቆጣጠር 1985 መሆኑ ነው። ልጁ ያኔ አልተወለደም። ፋይሉን እኔ ኮምፒውተር ላይ ባለ ፎልደር አስቀመጠው፣ ሼር አደረገው፣ ሦስቱም በኬብል መጥተው ከፈቱት። ሥራ አስኪያጃችን በእያንዳንዳችን ጀርባ እየቆሙ አንዱን ገበሬ በአራት መስኮት አዩትና ቡና ይፈላ አሉ።

አክሰስ ከፋብሪካ ሲወጣ ምንም ነገር አይቆልፍም። ሁሉም ሰው ያንኑ መስመር ከፍቶ እንዲያርም ይፈቅዳል፤ ሒሳቡን የሚያወራርደው መጨረሻ ላይ ነው። ገንዘብ ያዣችን የአንድ ገበሬ መዋጮ ስትጽፍ ሀጂ በዚያው ሰው መስመር ላይ ማዳበሪያ እየጻፉ ነው እንበል። እሷ ቀድማ ብታስቀምጥ ለሀጂ መልእክት ይመጣል፤ ከስሩ ሦስት ቁልፍ አለ። የመጀመሪያው «የእኔን አጽና፣ የሌላውን ደምስስ» ነው። ሁለተኛው «የእኔን ወደ ጎን ገልብጠህ አቆይልኝ»። ሦስተኛው «እኔ እተዋለሁ፣ የእሱ ይሁን»። ግራና ውስጥ ሦስተኛውን የተጫነ ሰው እስከዛሬ አልተገኘም። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው እንዳይባል፣ ልጁ በአማርኛ ተርጉሞ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፎልናል። እንዲያውም ከተረጎመው በኋላ ነው የባሰው።

ገበሬው ደረሰኙን በላስቲክ ጠቅልሎ ይመጣል። ከፍያለሁ ይላል። ኮምፒውተሩ አልከፈልክም ይላል፤ ማዳበሪያ መውሰዱን ግን ያውቃል። ገንዘብ ያዣችን ሀጂን ታያለች፣ ሀጂ ጣሪያውን ያያሉ።

ልጁ ተጠራና ምርጫውን ለወጠው፤ አንድ ሰው ማረም የጀመረው መስመር እስኪጨርስ ለሌላው እንዲቆለፍ አደረገ። አሁን የሚያርመው ሰው ጋ፣ ከመስመሩ በስተግራ፣ ትንሽ እርሳስ ብቅ ትላለች። ሌሎቻችን ጋ እዚያው ቦታ ክብ ውስጥ ሰያፍ ሰረዝ ይታያል፤ አትንካ ነው። በጣም ጥሩ ነገር ነበር፤ ቡና ባይኖር። ሰው ስም ጽፎ የአባት ስም ላይ ሲደርስ «ቡና ደርሷል!» ይባላል። ይነሣል። እርሳሷ እዚያው ትቀራለች። አቦል ይጠጣል፤ እርሳሷ አለች። ቶና ይደገማል፤ አለች። በረካን ጥሎ መነሣት ነውር ስለሆነ በረካም ይጠጣል፤ ገበሬው መስኮት ላይ ቆሟል፣ እርሳሷም አለች። «እርሳሱን ማን ተወው?» የሚለው ጩኸት በቢሯችን ከሰላምታ ቀጥሎ የሚሰማ ቃል ሆነ። አሁን አሁንማ ውጭም ወጥቷል። ሰው ቃል ገብቶ ሲዘገይ «እርሳሱን ትቶ ሄደ» እንባባላለን።

ይህም ሳያንስ አንዳንድ ቀን የአንድ ሰው መስመር ሲነካ ጎረቤቶቹም አብረው ይቆለፉ ጀመር። እኔ አንዱን ሰው ሳርም ከእሱ በላይና በታች የተመዘገቡት ሁሉ ለሌሎቹ ይዘጉባቸዋል። አንዳንድ ቀን ደግሞ አይደርስም። ልጁ ብዙ ከተመራመረ በኋላ ምስጢሩን አገኘው። አክሰስ ወይ መስመሩን ብቻ ይቆልፋል፣ ወይ መስመሩ ያረፈበትን 4 ኪሎባይት ገጽ በሙሉ። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ጠዋት ፋይሉን መጀመሪያ የከፈተው ኮምፒውተር ላይ ያለች አንዲት ምልክት ናት፤ ከእሱ በኋላ የሚገባው ሁሉ በእሱ ሕግ ያድራል። ይህች ምልክት የጠፋችው ሀጂ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ሀጂ ደግሞ ሱብሂ ሰግደው ከዚያው በቀጥታ የሚመጡ፣ በቢሮው ታሪክ ቀድሟቸው የገባ የሌለ ሰው ናቸው። እሳቸው በታመሙባቸው ቀናት ሥራው ለምን እንደሚቀል ያወቅነው ያኔ ነው። አልነገርናቸውም። ልጁ ምልክቷን ዝም ብሎ መለሳት።

ወደ ሥራ አስኪያጃችን ልምጣ። አክሰስ ሲከፈት ከፋይሉ ጎን አንዲት ትንሽ የመቆለፊያ ፋይል ይፈጥራል። በውስጧ የገቡት ኮምፒውተሮች ስም ይጻፋል። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ትጠፋለች። ልጁ ይህን አንድ ቀን በኖትፓድ ከፍቶ አሳያቸው፤ ባያሳያቸው በተሻለ። «እንግዲህ ማን ቢሮ እንዳለ ከዚሁ አየዋለሁ ማለት ነው» አሉ። በማግስቱ የመግቢያ ፊርማ ቀረና የአክሰስ መቆለፊያ የሰዓት መቆጣጠሪያ ሆነ። መጀመሪያ ቅር ያላቸው ከእያንዳንዱ ኮምፒውተር ስም ጎን «አድሚን» የሚል በማንበባቸው ነው። አክሰስ የተጠቃሚ ስም ካልተሰጠው ሁሉንም አድሚን ነው የሚለው። «ሥራ አስኪያጅ አንድ ነው፤ አስተዳዳሪ እንዴት አራት ይሆናል?» ብለው ስብሰባ ጠሩ።

እሳቸው ያላወቁት ሌላ ነገር ነበር። አንድ ሰው ከፋይሉ ቢወጣም ስሙ ከዚያች መዝገብ ወዲያው አይፋቅም። ሌላ ሰው እስኪገባና ቦታውን እስኪወስድ፣ ወይም ሁሉም ወጥቶ ፋይሏ እስክትጠፋ ይቆያል። የመስክ ባለሙያው ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈካ። በማግስቱ ጠዋት ከፈተ፣ ዘጋ፣ ወጣ። ቀኑን ሙሉ በመዝገቡ ውስጥ ተገኝቷል። በአገራችን መሥሪያ ቤት ፊርማ ትቶ ገላን ይዞ መሄድ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ነገር የማይክሮሶፍት ሰዎች ሳያውቁ ማመቻቸታቸው ነው።

ሌሎቻችን ግን የዋህ ነን። ስማችን እንዳይጠፋ ብለን ፋይሉን ሌሊትም ሳንዘጋው ማደር ጀመርን። አክሰስ ደግሞ ሰው ያጠፋውን ነገር ቦታውን ወዲያው አይለቅም፤ አልፎ አልፎ «ጨምቅና ጠግን» መባል አለበት። ለመጨመቅ ደግሞ ሁሉም ሰው መውጣት አለበት። ሁሉም ሰው ደግሞ ተገኝቷል ለመባል ውስጥ ነው። ፋይሉ እየወፈረ ሄደ። ጣሪያው 2 ጊጋባይት ነው፤ እዚያ ከደረሰ አንድም ቃል አይጨመርበትም። ልጁ መጠኑን እያየ «የእናንተ ሰዓት ማክበር ይሄንን ነገር ሊገድለው ነው» ብሎናል።

መብራት ሳያነሱ ስለ ኮምፒውተር ማውራት አይቻልም። ፋይሉ እየተጻፈበት ሳለ መብራት ቢሄድ፣ ሲመጣ አክሰስ የራሱን ልጅ አላውቀውም ይላል። ይህን የመሰለ ዳታቤዝ አይቼ አላውቅም የሚል መልእክት ያወጣል። ስለዚህ ዩፒኤስ ተገዛ። ዩፒኤሱ መብራት ሲጠፋ ይጮሃል፤ ጩኸቱ ማለት ዝጉና ውጡ ነው። ሰዉ ግን ሲጮህ የሚሮጠው ሞባይሉን ቻርጅ ሊሰካበት ነው። ሥራ አስኪያጃችን በላፕቶፕ በዋይፋይ ልገናኝ ቢሉም ልጁ እምቢ ብሏል። ዋይፋይ መሃል ላይ ለአፍታ ብትቋረጥ ያው የመብራቱን ሥራ ትሠራለች።

ቅጂ መያዝን ማንም ማስተማር አላስፈለገውም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በነበረው የጦርነት ጊዜ በዚህ አካባቢ ኮምፒውተሩም መዝገቡም አብረው የሄዱበት ቢሮ ብዙ ነው። ሰው ዕዳውን በቃሉ፣ ማሳውን በጎረቤቱ ምስክርነት ያስመዘገበበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ዓርብ ዓርብ ቅጂው በሁለት ፍላሽ ይወጣል። አንዱ ሀጂ ቤት፣ አንዱ ገንዘብ ያዧ ቤት ያድራል። በዚህ ነገር ቀልድ የለም።

ቀኑ ግን ያስቃል። አክሰስ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም፤ እኛ ግን የምናውቀው እሱን ነው። 30/2 ብለን ከነዓመቱ ጥቅምት 30ን ስናስገባ «ፌብሩዋሪ 30 የለውም» ብሎ ይመልሰናል። ጥቅምት 30 የከፈለ ሰው ሁሉ በኮምፒውተራችን ኅዳር 1 ከፍሏል። ከዚህ የሚብሰው ጳጉሜ ነው። ኮምፒውተሮቻችን ቀን አስቀድመው ወር የሚያስከትሉ ናቸው። አንድ ሰው ጳጉሜ 5 ቀን 2014 የከፈለበትን ደረሰኝ ገንዘብ ያዣችን 5/13/2014 ብላ አስገባች። አክሰስ 13ኛ ወር ባያውቅም አልተጨነቀም፤ ሁለቱን ቁጥር አቀያይሮ 13/5/2014 አለው። በእኛ ንባብ ጥር 13። ሰውየው ከመበደሩ በፊት ዕዳውን ከፍሎ ተገኘ። ኦዲተሩ ይህን ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዕሩን አስቀምጦ ሳቀ። አሁን ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ ነው የምንይዘው። ልጁ ይህን ሲያደርግ ፊቱን አጨማዶ ነበር፤ ተምሮ የወጣበት ሙያ አይፈቅድም መሰለኝ።

ስምም አለ። ሙሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሃመድ፣ ሞሐመድ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ። ለሰው ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለማሽን ዘመድ እንኳ አይደሉም። በሀብሩ ወረዳ ሙሐመድን ፈልጎ ማግኘት በወረቀቱ መዝገብ ጊዜ የሀጂ ትዝታ ሥራ ነበር፤ አሁን አራት ጊዜ መተየብ ነው። የከተማችን ስም ራሱ ግራናም ጊራናም ተብሎ ይጻፋል። ግራና ብለህ ስትፈልግ ጊራና ተብሎ የተመዘገበው ግማሽ ሕዝብ ይቀራል። በምትኩ ሰሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የለቀቀው «ግራና-1» የሚባል የማሽላ ዝርያ ከዘር ዝርዝሩ ውስጥ ብቅ ይላል። ስም ማቃናት የእኔ ሥራ ስለሆነ አንድ የፊደል ሕግ ጽፌ በደብዳቤ አሰራጭቻለሁ። ደብዳቤው ራሱ ወጪ ሲደረግ መዝገብ ላይ «የፊደል ህግ» ተብሎ ገባ።

እንዲህ ስንኖር ነው አንድ የውሃ አባት ለጉዳያቸው የመጡት። በባህላዊው መስኖ የውሃ አባት ተራ የሚያወጡ፣ ተራ የሚያስከብሩ፣ ቦይ የሰበረውን የሚያስቀጡ ሰው ናቸው። ስማቸው ተቆልፎ ነበር፤ ቡናው ቶና ላይ ነው። ልጁ ወንበር አቀረበላቸው።

«አሁን እንግዲህ የእኔ ስም ተይዟል ነው የምትለኝ?»

«አዎ አባቴ። አንዱ ጋ ተከፍቶ ነው።»

«ተራ የሚያወጣው ማነው?»

«ተራ አውጪ የለውም። ሁሉም ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይዘጋል።»

ሽማግሌው ስዊቹን፣ ኬብሉን፣ አራቱን ስክሪን በየተራ አዩ።

«አራት ሰው ከአንድ ቦይ፣ የውሃ አባት ሳይኖር?» አሉ። «እንዴት ደም ሳትፋሰሱ ቆያችሁ?»

ልጁ ሳቀና ቁጭ ብሎ አስረዳቸው፤ እኔም በደንብ የገባኝ ያን ቀን ነው። አክሰስ ላይ ፋይሉ ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ የሚጠብቀው የለም። እያንዳንዱ ኮምፒውተር በኬብሉ ሽቅብ ወጥቶ፣ በራሱ ዶማ ከፍቶ፣ የሚፈልገውን ወደራሱ ስቦ፣ ራሱ መልሶ ይጽፋል። አንዱ መንገድ ላይ ቢወድቅ ቦዩ እንደተሰበረ ይቀራል። ሰርቨር የሚባሉት ግን፣ ፖስትግሬስኪውኤልም ይሁን የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ውሃውን የሚነካ አንድ ፕሮግራም ብቻ አላቸው። ሌላው ከታች ሆኖ ይጠይቃል፤ እሱ ይለቅለታል ወይም ተራህን ጠብቅ ይለዋል።

«ታዲያ እሱን አምጡ» አሉ ሽማግሌው፤ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው።

ደብዳቤ ተጻፈ። ፖስትግሬስኪውኤል በነፃ ነው። የማይክሮሶፍቱም ኤክስፕረስ የሚባለው እትም በነፃ ነው፤ ያኔ እስከ 10 ጊጋባይት ይይዝ ነበር። ከግዢ ክፍል የመጣው መልስ «ሦስት ፕሮፎርማ ይቅረብ» የሚል ነው። ዋጋው ዜሮ ነው ብለን ብንጽፍ፣ ሦስት ዜሮ ተወዳድሮ ዝቅተኛው መመረጥ እንዳለበት ተነገረን። ደብዳቤው የሄደው ግንቦት ላይ ነበር፤ ሰኔ 30 በጀት ተዘጋ።

እስከዚያው ልጁ ፋይሉን ለሁለት ከፍሎታል። ሠንጠረዦቹ ብቻ ዩፒኤስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ቀሩ። ቅጹና መፈለጊያው በየራሳችን ኮምፒውተር ተገለበጠ። መዋጮና ማዳበሪያ ከገበሬው መስመር ወጥተው የየራሳቸውን ሠንጠረዥ ያዙ፤ ገንዘብ ያዧና ሀጂ ከእንግዲህ አንዱ የአንዱን አያጠፋም። ለቀረው ደግሞ የሽማግሌው መላ ተወሰደ። ግድግዳው ላይ የተራ ወረቀት ተለጠፈ፤ የአባል ስምና ማሳ የሚታረመው በተራ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተራ መለዋወጥ ተጀመረ፤ ሀጂ የዓርብን ከሰዓት ለእኔ ሰጥተው የሰኞን ጠዋት ወሰዱ። ተራ የሰረቀ ቡና ያስፈላል ተባለ፣ ስኳሩን ጨምሮ።

የመጀመሪያው ተከሳሽ የመስክ ባለሙያው ነው። በምሳ ሰዓት፣ በገንዘብ ያዧ ተራ፣ የእሱ ኮምፒውተር ስም በመቆለፊያው ፋይል ውስጥ ተነበበ። ሥራ አስኪያጃችን ኖትፓዱን አትመው ማስረጃ አድርገው አቀረቡ። እሱ ግን «እኔ ጠዋት በተራዬ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ የቀረው ስሜ ነው» ብሎ ይከራከራል። ልጁ ምስክር ሆኖ ተጠርቶ «ሊሆን ይችላል» አለ። ቡናው እስካሁን አልተፈላም።